ከደሴ ፒያሳ እስከ ሐዳር፤ ስለ በረሓው ቅርስና ስለ ቤተ መዘክር ጉብኝት የቀረበ ሒስ

በደሴ ከተማ ፒያሳ እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን የወሰደው ከኢጣልያንኛ ሲሆን፣ ቃሉ አደባባይ ማለት ነው። ከዚህ አደባባይ የተነሣ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው በከሚሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ሁለተኛው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ማለትም ወደ አፋር በረሓ ይወርዳል። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ተነሥቶ የሰውን ዘር ጥንታዊ ዐፅም ለማየት የሚሄድ ተማሪ የሚይዘው የፊተኛውን መንገድ ነው። ሊያየው የሚሄደው ዐፅም የተገኘው ግን በኋለኛው መንገድ በኩል ነው።

ሐዳር ከደሴ በአየር መስመር ቢለካ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የወሎ ተማሪ የጎረቤቱን ምድር ለማወቅ ፊቱን ከጎረቤቱ አዙሮ ይጓዛል ማለት ነው። ይህ አካሄድ ከምን እንደ መጣ፣ ተመልካቹንም ምን እንደሚያጎድለው፣ መታረም የሚገባው ከሆነም በምን መንገድ ሊታረም እንደሚችል መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

አስቀድሞ በረሓው ስለ ምን የዚህ ዓይነት ዕውቀት ማኅደር ሊሆን እንደ ቻለ መረዳት ያስፈልጋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የሐዳር ምድር ከፍታው 500 ሜትር ያህል ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ያ ምድር እንደ ዛሬው ደረቅ አልነበረም፤ ሐይቅና ወንዝ፣ ሣርና ዛፍ ነበረበት። በሐይቁና በወንዙ ዳር የሞተው እንስሳ በደለል ተሸፈነ፤ በደለሉም ላይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ዐመድ በየጊዜው ተነጠፈ። የዛሬ ሊቃውንት የዐፅሞቹን ዕድሜ የሚያውቁት ከዐፅሙ በላይና በታች ባሉት የዐመድ ንጣፎች ውስጥ የሚገኘውን የአርጎን ጋዝ በመለካት ነው። ከዚያ ወዲህ ምድሩ በመሰንጠቁና ከፍና ዝቅ በማለቱ፣ አየሩም በመድረቁ፣ በጥቂት ጊዜ የሚጥለው ኃይለኛ ዝናብ እርቃኑን የቀረውን አፈር እያጠበ የተቀበረውን ወደ ላይ ያወጣዋል። በደጋው ግን ተመሳሳይ ነገር ቢኖር እንኳ አፈሩና ዕፅዋቱ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ድርቀቱ ለአርብቶ አደሩ ችግር የሆነውን ያህል ለምርምሩ በር የከፈተ ነው። በረሓ ባዶ ምድር ነው ብሎ የሚያስብ ተመልካች ከመነሻው ተሳስቷል።

ከዚህ ምድር የተገኘው ነገር ብዛት በአጭሩ ቢዘረዘር የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ድንቅነሽ የተባለችው፣ 3.18 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት ዕድሜ ያላትና ከዐፅሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘላት፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በዶናልድ ጆሃንሰንና በቶም ግሬይ በሐዳር ተገኘች። በአራሚስ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። በዲኪካ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተገኘችው ሕፃን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ናት። በሌዲ ገራሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በቻላቸው ሥዩም የተገኘው መንጋጋ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ በጎና በስለሺ ሰማው የተጠኑት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይሆናቸዋል። የታችኛው አዋሽ ሸለቆም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ ሀብት ለሕዝብ የሚታየው በዋናነት በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። በዚያ ቤት ለብዙ ዓመታት በቆየው አደራረግ መሠረት፣ የጥንቱ ሰው ዐፅም በምድር ቤቱ፣ የነገሥታቱ ዕቃ ከዚያ በላይ ባለው ወለል፣ ሥዕሎቹ ቀጥለው፣ የብሔረሰቦቹ መገልገያ ደግሞ በላይኛው ፎቅ ተቀምጠዋል። አደራረጉ በዘመን ቅደም ተከተል የሄደ ስለሆነ ለተማሪ ይመቻል፤ ይህን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ተመልካቹ የበረሓውን ዐፅም ካየ በኋላ የበረሓውን ሕያው ሰው ዕቃ ለማግኘት ዘውዱንና ዙፋኑን፣ ቀጥሎም ሥዕሉን አልፎ መውጣት አለበት። እላይ ሲደርስ ምድር ቤቱን ረስቶታል። ዐፅሙና ዕቃው ከአንድ ምድር መምጣታቸውን የሚያገናኝለት ነገር ከሌለ ሁለቱን ለየብቻ ይዞ ይመለሳል።

መለያየቱ በከተማው ስፋት ሲታይ ደግሞ ይበልጣል። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር የሕዝቦችን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ቅደም ተከተል ያሳያል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ደግሞ የዘመኑን ሥነ ጥበብና አስሊ መሣሪያዎች፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጭምር ያሳያል። ስለዚህ ከወሎ የመጣ አንድ የተማሪዎች ቡድን በአንድ ቀን ሦስቱንም ቢጎበኝ፣ የሰውን አካል በአንድ ቤት፣ የሰውን ልማድ በሁለተኛው፣ የሰውን የፈጠራ ሥራ በሦስተኛው ያያል። ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት በጎና ድንጋይ ፈልጦ ስለት ያወጣው እጅና ዛሬ አስሊ መሣሪያ የሚሠራው እጅ የአንድ ታሪክ መጀመሪያና የዛሬ ደረጃ መሆናቸውን ግን ከሦስቱ አንዱም ብቻውን ሊያሳይ አይችልም።

ከጎብኚዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም በመስታወት ውስጥ የሚታየው የድንቅነሽ አካል ዋናው ሳይሆን ቅጂው ነው የሚል ነው። ይህ ቅሬታ ተገቢ አይመስልም። ዋናው ዐፅም በቀላሉ የሚሰበርና ሊተካ የማይችል በመሆኑ በልዩ ማስቀመጫ መጠበቁ ትክክል ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ ቅጂም ለመማር ከዋናው አያንስም። ዋናው ዐፅም ከነሐሴ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ለሕዝብ ሲታይ ቆይቶ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተመለሰበት ጊዜ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ክርክር የተነሣውም፣ የዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን ዐውደ ርእዩን አልቀበልም ያለውም በዚሁ የደኅንነት ጥያቄ ምክንያት ነበር። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ድንቅነሽና ሰላም በፕራግ ለሕዝብ ታይተዋል። እንግዲህ ነቀፌታ የሚገባው ቅጂ በመታየቱ አይደለም። ቅጂ ለመማር የሚበቃ ከሆነ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሰመራ የማይታይበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የስም ጉዳይ ነው። ድንቅነሽ የሚለው ስም አማርኛ ነው፤ ሉሲ የሚለው ደግሞ በጉዞው ሠፈር በቴፕ ከተሰማ የእንግሊዝኛ ዘፈን የመጣ ነው። ሊቃውንቱ ለዝርያው እ.ኤ.አ. በ1978 የሰጡት የላቲን ስም አፋረንሲስ ስለሆነ የአፋርን ስም ይዟል። ከዚያም ወዲህ የተሰጡት ስሞች ከአፋርኛ በብዙ ተበድረዋል። አርዲ ማለት በአፋርኛ መሬት ማለት ነው፤ ራሚደስ ሥር ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ካዳባ የቤተሰብ የበኩር አባት የሚል ትርጉም ተሰጥቶታል። ጋርሂ ያልታሰበ፣ የሚያስገርም ማለት ሲሆን፣ በኸርቶ ለተገኘው የ160,000 ዓመት ሰው የተሰጠው ኢዳልቱ የሚለው ስም ሽማግሌ፣ ታላቅ ማለት ነው። የዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በሚናገሩበት ጊዜ የሚጠቀሙባቸው እነዚህ ቃላት የአርብቶ አደር ቋንቋ ቃላት ናቸው። ይህን ያልተነገረው ተመልካች ስሞቹን ሁሉ የግሪክ ወይም የላቲን አድርጎ ይቆጥራቸዋል። አንድ የደሴ ተማሪ በባቲ ገበያ በየሰኞው ከሚያገኘው አፋር አፍ ሊሰማው የሚችለውን ቃል በመስታወት ሣጥን ላይ ተጽፎ ሲያየው እንደ ባዕድ ቃል አንብቦ ቢያልፍ፣ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም።

በአግኚዎቹም ስም እንዲሁ ነው። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ድንቅነሽ ከመገኘቷ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በሐዳር የጥንት ሰው መንጋጋዎችን ያገኘው ከኢትዮጵያ ወገን ከጉዞው ጋር የነበረው ዓለማየሁ አስፋው ነበር። ያ ግኝት ቦታው ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ያረጋገጠ ነበር፤ በሕዝብ ዘንድ ግን ስሙ ከድንቅነሽ ስም ጋር አብሮ አይነሣም። መንገድ የመሩት፣ ውኃ የት እንዳለ ያሳዩት፣ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ከተመራማሪዎቹ ጋር መሬቱን እያሰሱ የሚለቅሙት አፋሮች ደግሞ በአብዛኛው በስም አይታወቁም። የምርምር ታሪክ የዐፅም ታሪክ ብቻ ሳይሆን ዐፅሙን ያነሣው እጅም ታሪክ ስለሆነ፣ ይህ ጉድለት ከሥነ ሕዝብ አንጻር ቀላል አይደለም።

የዘመኑ ሁኔታም ሊታሰብ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የነበረው በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሲሆን፣ የክፍለ ሀገሩም ዋና ከተማ ደሴ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በወሎ ላይ የወረደው ረኀብ ደገኛውንም ቆለኛውንም ፈጅቷል። አፋሮቹ በዝናቡ መጥፋት ላይ፣ በድርቅ ጊዜ ይጠጉበት የነበረው የአዋሽ ዳር ግጦሽ ለጥጥ እርሻ በመወሰዱ ጉዳታቸው በርትቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። ድንቅነሽ የተገኘችው ከስድሳ ያህል ባለሥልጣናት መገደል በማግሥቱ ነው። በሦስት ሚሊዮን ዓመት የሚለካው ታሪክ ከአፈር የወጣው የዚያው አፈር ሕዝብ ሙታኑን ቀብሮ ሳይጨርስ ነበር ማለት ነው። ድንቅነሽን ከዚህ ሁሉ ለይቶ፣ ሰው በሌለበት ምድር ላይ እንደ ተገኘች አድርጎ ማሳየት ለሳይንሱ ንጽሕና አይጨምርለትም። የወሎን ተመልካች ደግሞ ከራሱ ታሪክ ይለየዋል፤ አያቶቹ በዚያ ዘመን ምን እንዳዩ ያውቃልና።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ በቂ ምክንያትም አለው። የአፋርን ዳቦይታ፣ ማለትም በሰሌን የሚሸፈነውንና በግመል ተጭኖ የሚጓዘውን ቤት፣ ከጥንቱ ሰው ዐፅም አጠገብ ማስቀመጥ፣ የዛሬውን አርብቶ አደር የጥንቱ ዘመን ትራፊ አስመስሎ ያሳያል የሚል ነው። በእርግጥም ባለፈው ምዕተ ዓመት በብዙ የአውሮፓ ቤተ መዛግብትና ዐውደ ርእዮች የአፍሪካ ሕዝቦች በእንስሳትና በዐፅም መካከል ሲቀመጡ ቆይተዋል፤ ሥነ ሰብእም በዚህ ጥፋት ተካፋይ ነበር። ስለዚህ ዐፅሙንና ሕያዉን ሰው ለያይቶ ማሳየት ተመልካቹን በረሓው ሰው አልባ ነው ወደሚል ስሕተት ሲመራ፣ ሳያስረዱ አንድ ላይ ማድረግ ደግሞ የበረሓው ሰው አልተለወጠም ወደሚል ከዚያ የባሰ ስሕተት ይመራል።

ከሁለቱ ስሕተቶች የሚወጣበት መንገድ አፋሩን እንደ ዐዋቂ ማሳየት ነው። ድንቅነሽ ለአፋር የምትቀርበውን ያህል ለደሴ ነጋዴም፣ ለአውሮፓ መምህርም ትቀርባለች፤ ዝምድናዋ ለሰው ዘር ሁሉ እኩል ነው። አፋሩ ከሌላው ተለይቶ የሚታይበት ነገር የዛሬ ዕውቀቱ ነው። ዳጉ የሚባለው የአፋሮች የወሬ ሥርዐት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዐት ይለዋወጣሉ፤ ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር፣ ከማን እንደ ሰማም መግለጽ የሥርዐቱ ግዴታ ነው። ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ሞተ በዚህ መንገድ ረጅም አገር ያቋርጣል። ምስክርነትን መመርመር፣ ምንጭን መጥቀስ፣ ያልተረጋገጠውን ካረጋገጡት መለየት የሳይንስ ሥራ መሠረት ከሆነ፣ ዳጉ በሳይንስ ቤተ መዘክር ውስጥ ቦታ ሊያገኝ የሚገባው በዕውቀት ዘዴነቱ እንጂ በብርቅነቱ አይደለም።

የሌላው ዓለም ልምድ እንዲህ ያለው ሥራ እንደሚቻል ያሳያል። በግብፅ፣ በዋዲ አል ሒታን በረሓ፣ 40 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው የዓሣ ነባሪ ዐፅሞች በተገኙበት አሸዋ ላይ ሳይነሡ ለተመልካች ይታያሉ፤ በአጠገባቸውም እ.ኤ.አ. በ2016 ቤተ መዘክር ተከፍቷል። በታንዛንያ፣ በኦልዱቫይ ገደል አፋፍ ላይ፣ ሜሪ ሊኪ የጀመረችው ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ2017 በአዲስ ተሠርቷል፤ የገደሉም ስም ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደና በመጀመሪያ በስሕተት የተጻፈ መሆኑ ዛሬ ለጎብኚ ይነገራል። በኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ በሎይያንጋላኒ የሚገኘው የበረሓ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት ዋና ነገሩ በአካባቢው የሚኖሩት ሕዝቦች ባህል ነበር። በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የሶኖራ በረሓ ቤተ መዘክር ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ከቤት ውጭ ሆኖ የበረሓውን ዕፅዋትና እንስሳት በሕይወታቸው ያሳያል። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር ይዘዋል፤ ዋዲ አል ሒታን ቦታውን፣ ኦልዱቫይ ስሙን፣ ሎይያንጋላኒ ሕዝቡን፣ ሶኖራ ሕያው ተፈጥሮውን። የአፋር በረሓ ከአራቱም የሚማረው አለው፤ አራቱንም በአንድ ለማድረግ የሚበቃ ሀብትም አለው።

በዚህ ነገር ውስጥ የደሴ ድርሻ ምን ሊሆን ይችላል? ደሴ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ የራሷ ቤተ መዘክር አላት። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት እጅ በነበረችበት ጊዜ ቤተ መዘክሩ ዝርፊያና ጉዳት ደርሶበታል። ይህ ጉዳት ሁለት የሚቃረኑ ትምህርቶች ይሰጣል። በአንድ በኩል፣ ዋናው ዐፅም በዋና ከተማው መጠበቁን ለሚደግፉት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በመስመር ላይ ያለ ከተማ አደጋ ሊደርስበት ይችላልና። በሌላ በኩል፣ የአንድ አካባቢ ትዝታ ሁሉ በአንድ ቤት ብቻ ሲከማች ከቤቱ ጋር አብሮ እንደሚጠፋ ያሳያል። ከሁለቱ የሚወጣው ፍርድ፣ ዋናው በሚጠበቅበት ይጠበቅ፤ ቅጂው፣ ሥዕሉ፣ መግለጫው ግን በብዙ ቦታ ይባዛ የሚል ነው።

ደሴ የአፋርን ቅርስ ወደ ራሷ ትውሰድ ማለት ግን አይደለም። የበረሓው ሀብት ከቆላው ወደ ደጋው፣ ከደጋውም ወደ ዋና ከተማ ሲወጣ የኖረ ስለሆነ፣ ደሴ ሁለተኛ አዲስ አበባ ብትሆን ለአፋሩ ያው ነው። የደሴ ቦታ የመግቢያ በር መሆን ነው። ከጦሳ ግርጌ የሚነሣ ተማሪ በደሴ ቤተ መዘክር ውስጥ የሸለቆውን የመሬት አቀማመጥ፣ የዐመዱን ንጣፍና የዕድሜ አለካኩን፣ የድንቅነሽን ቅጂ፣ የአፋርኛውን ስሞች ትርጉም አስቀድሞ ተምሮ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ሰኞ ቀን ባቲ ላይ ደጋውና ቆላው ሲገበያይ አይቶ፣ ከዚያ ወደ በረሓው ቢወርድ፣ በዚያም አፋርኛ ተናጋሪ መሪ ቢቀበለው፣ ጉብኝቱ ከአንድ ቀን የመስታወት ጉብኝት እጅግ ይበልጣል። በበረሓው የሚሠራው ቤትም አነስተኛ ቢሆን፣ በአካባቢው ሰው የሚጠበቅና በመጀመሪያ በአፋርኛ የሚናገር ሊሆን ይገባዋል።

ሙቀቱ፣ የመንገዱ ርዝመትና ወጪው ተማሪዎችን ወደ በረሓ ለማውረድ እንደማያመች ይነገራል። ሙቀቱ እውነት ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት በመሄድ ይቀንሳል። ርቀቱን በሚመለከት ግን የደሴ ተማሪ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከዚህ የበለጠ ተጉዞ ነው። እስካሁን ያላጠፈው በልማድ የተወሰነ አቅጣጫ ነው፤ ዕውቀት ከደጋና ከከተማ ይመጣል፣ ቆላውም የሚሰጠው ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው ከሚል አሳብ የተነሣ አቅጣጫ።

የብሔራዊ ቤተ መዘክሩ ጥበቃ፣ የተመራማሪዎቹም ድካም ምስጋና የሚገባው ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ ስለ በረሓው ይህን ያህል ባልታወቀም ነበር። ሆኖም አንድ ቤተ መዘክር የሚመዘነው በያዘው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ ከወጣ በኋላ ጎረቤቱን በሚያይበት ዓይንም ነው። ከአዲስ አበባ ጉብኝቱ የተመለሰ ተማሪ በደሴ ፒያሳ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ከባቲ ወይም ከሚሌ የመጣ አፋር በአጠገቡ ቢያልፍ፣ የኢዳልቱን ትርጉም ሊጠይቀው የሚችል ሰው መሆኑን ካላወቀ፣ ጉብኝቱ ገና አልተፈጸመም።